ቀዩን ብቻ ልቀም፦ ለኮምፒውተርም ለስልክም የሚሆን ትንሽ ጌም ከዜሮ አሰራር

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ላፕቶፕ ከፍቼ ቁጭ ባልኩበት ሁሉ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢም ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ አንድ ልጅ መጥቶ "ጌም መስራት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?" ይለኛል። ቆሜ በ5 ደቂቃ የማስረዳው ነገር ስላልሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ኮዲንግ ትንሽ የነካካ ሰው በደንብ ይከተለኛል፣ ጭራሽ ያልነካም ቢሆን ቀስ ብሎ ካነበበ አይከብደውም።

መጀመሪያ የምትሰሩትን ጌም አሳንሱት። እንደ ፐብጂ አይነት ነገር ልስራ ብሎ ጀምሮ በ2 ሳምንት የተወ ልጅ ስንት አይቻለሁ፣ ችሎታ አንሶት አይደለም፣ የመረጠው ነገር የመቶ ሰው ስራ ስለሆነ ነው። የኖኪያዋን እባብ አስታውሱ፣ በፈረንጆቹ 1997 ስትወጣ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ በ4 አቅጣጫ ከመዞር ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበረም፣ ግን አለምን በሙሉ አጫወተች። የጌማችሁን ህግ በአንድ አረፍተ ነገር ለእናታችሁ መንገር ካልቻላችሁ ጌሙ ገና ትልቅ ነው ማለት ነው።

የኛ ጌም ህግ ይቺ ናት፦ ከላይ የቡና ፍሬ ይወርዳል፣ ከታች ቅርጫት አለ፣ ቀዩን ከያዛችሁ 1 ነጥብ፣ አረንጓዴውን ከያዛችሁ ከ3 ነፍስ አንዱ ይሄዳል። አለቀ። መጀመሪያ ስሰራው ማንኛውም ፍሬ ነጥብ ይሰጥ ነበር፣ አጋሮ በኩል ቡና ያላት አክስቴ ስልኬ ላይ አይታው "ልጄ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ደባልቀህ ለቅመህ ማን ይገዛሃል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያልደረሰ ፍሬ ከገባበት የቡናው ጣእምም ዋጋውም ይበላሻል፣ ለዛ ነው ለቃሚ አይኑን የሚያሾለው። በዚች አንድ ንግግር ጌሙ ጌም ሆነ፣ ምክንያቱም ተጫዋቹ መያዝ ብቻ ሳይሆን መምረጥ መጣበት። እናንተም ሀሳብ ስታጡ ሩቅ አትሂዱ፣ ባጃጅ፣ ገበጣ፣ እዚሁ ጅማ ያለው የቦዬ ጉማሬ፣ ሁሉም ጌም ይወጣዋል።

አሁን መሳሪያው። እኔ የምመክረው ጎዶትን ነው። አርጀንቲና የተጀመረ የጌም ኢንጂን (ጌም መስሪያ ፕሮግራም) ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ጌማችሁን ብትሸጡት እንኳን የሚጠይቃችሁ ክፍያ የለም። ዩኒቲ የሚባለው ሌላው ኢንጂንም ጥሩ አይደለም አልልም፣ ግን ብዙ ጊጋ ይፈልጋል፣ ላፕቶፑም ጠንከር ማለት አለበት። ጎዶት ግን ዚፑ ከ200 ሜጋ በታች ነው፣ ኢንስቶል አይባልም፣ ፈታችሁ ደብል ክሊክ ነው፣ ከፍላሽ ላይም ይሰራል። ኤዲተሩን ብቻ አውርዳችሁ ግን አትቀመጡ፣ ጌሙን ወደ ስልክ ለማውጣት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የሚባል ወደ 1 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል፣ ጄዲኬ 17 የሚባለው የጃቫ መሳሪያ እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ ያስፈልጋሉ፣ እነዚህን በሌሊት ፓኬጅ ወይ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ በአንዴ አውርዱና ጨርሱ፣ ከዛ በኋላ ጌሙን መስራቱ ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል። ላፕቶፕ የሌለው ልጅም ተስፋ አይቁረጥ፣ የጎዶት ኤዲተር ለአንድሮይድም አለ፣ ስክሪኑ ስለሚጠብ ያደክማል እንጂ መማሪያ ይሆናል።

አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሬንደረር (ምስሉን ስክሪን ላይ የሚስለው ክፍል) ምረጡ ይላችኋል፣ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ምረጡ። የቆየ ላፕቶፕና ርካሽ ስልክ ላይ የሚሄደው እሱ ነው፣ ብራውዘር ላይ ለማጫወትም የሚሆነው እሱ ነው። ከዛ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ዊንዶው የሚለው ጋ ግቡና ወርዱን 720 ቁመቱን 1280 ፒክስል (ስክሪኑ የሚሰራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) አድርጉ፣ ስትሬች ሞድ የሚለውን ካንቫስ አይተምስ፣ አስፔክት የሚለውን ኪፕ፣ ኦሪየንቴሽኑን ፖርትሬት። ይሄ ማለት ጌሙ በየትኛውም ስክሪን ላይ ቅርጹን ሳይለቅ ይሰፋል ይጠባል፣ ረዘም ያለ ስልክ ላይ ከላይና ከታች ትንሽ ጥቁር ቦታ ይተዋል፣ ለመጀመሪያ ጌም ችግር የለውም። ላፕቶፕ ላይ ግን 1280 ቁመት ከስክሪኑ ያልፍባችኋል፣ የአብዛኞቻችን ላፕቶፕ ቁመቱ 768 ነው፣ ስለዚህ እዛው አድቫንስድ ሴቲንግስ የሚለውን አብሩና ኦቨርራይድ የሚሉት ቦታዎች ላይ 360 እና 640 ጻፉ፣ ኮምፒውተር ላይ መስኮቱ በግማሽ ይከፈታል፣ ጌሙ ግን ያው ነው።

ጎዶት ውስጥ ሁሉም ነገር ኖድ (የራሱ ስራ ያለው ቁራጭ) ነው፣ ኖዶች ሲሰባሰቡ ሲን ይባላሉ፣ ሲን ማለት እንደ ጡብ ማውጫ ቅርጽ አስቡት፣ አንዴ ትሰሩታላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ታወጡበታላችሁ። እኛ 3 ሲን ነው የሚያስፈልገን። ቅርጫት፣ ፍሬ፣ እና ሁለቱን የሚይዝ ዋናው። ቅርጫቱም ፍሬውም አሰራራቸው አንድ ነው፣ ኤሪያ ቱዲ ትከፍታላችሁ፣ ስሩ ስፕራይት ቱዲ ለምስሉ፣ ኮሊዥን ሼፕ ቱዲ ደግሞ መነካካቱን እንዲያውቅ። ዋናው ሲን ላይ ታይመር ጨምሩና በየ0.8 ሰከንዱ አንድ ፍሬ ከላይ ይልቀቅ፣ ቦታው ከ60 እስከ 660 ባለው መሀል በዘፈቀደ ይሁን፣ 0 እና 720 ላይ ከለቀቃችሁት ግማሹ ከስክሪን ውጪ ይወድቃል። ከ10 ፍሬ 3ቱ ያህል አረንጓዴ ቢሆን ይበቃል፣ ከዛ ካለፈ ሰው ይሰላቻል።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነት ላይ ነው። ፍሬው ይውረድ ስትሉ በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ ምስሉ በታደሰ ቁጥር) 5 ፒክስል ውረድ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ላፕቶፓችሁ ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ 300 ፒክስል ይወርዳል፣ ቆንጆ ነው። ጌሙን 30 ፍሬም ብቻ የሚችል ደከም ያለ ስልክ ላይ ስትከፍቱት 150 ይሆንና ፍሬው እንደ ላባ ይንሳፈፋል፣ ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ አዲስ ስልክ ላይ ደግሞ 600 ይሆንና ማንም አይይዘውም። አንድ ጌም 3 ስልክ ላይ 3 ጌም ሆነ ማለት ነው። መፍትሄው ዴልታ ነው። ፕሮሰስ የሚባለው ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) በየፍሬሙ ሲጠራ ዴልታ የሚባል ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ካለፈው ፍሬም እስካሁን ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ማለት ነው፣ በ60 ፍሬም ወደ 0.0167 ይሆናል። ፍጥነቱን 300 በሉትና በዴልታ አባዙት፣ ፍሬው የትም ስልክ ላይ በሰከንድ 300 ይወርዳል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በዴልታ ይባዛ፣ ይቺን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ፣ ኋላ ላስተካክል ያለ ሰው ጌሙን እንደገና ነው የሚጽፈው።

ፍሬው ከስክሪን ታች ሲያልፍ አጥፉት፣ ኪው ፍሪ (queue_free) በሉት። ካላጠፋችሁት አይታይም እንጂ አለ፣ እየወረደ ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መቶ ምናምን ፍሬ ከስክሪን ስር ተጠራቅሞ ስልኩን ያሞቀዋል።

አሁን ቅርጫቱን ማንቀሳቀስ። ኮምፒውተር ላይ ኪቦርድና ማውስ አለ፣ ስልክ ላይ ጣት ብቻ። ብዙ ሰው ለኮምፒውተር ሰርቶ ሲጨርስ ነው ስልኩ ትዝ የሚለው፣ ከዛ የግራና የቀኝ ቀስት ምስል ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል፣ ጣት ደግሞ ቀስቱን ሳያይ ስለሚስት ተጫዋቹ ይናደዳል። እናንተ ከጣት ጀምሩ። ጣት ላይ የሚመች ነገር ማውስ ላይም ይመቻል፣ ማውስ ላይ የተመቸ ግን ጣት ላይ ብዙ ጊዜ አይመችም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ቅርጫቱ ጣት የነካበት ቦታ ዘሎ እንዲሄድ አድርጌ ነበር፣ ከስክሪኑም ታችኛው ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ ትንሽ ተጫውታ "ወንድምዬ፣ ጣቴ ቅርጫቱን ከለለው እኮ፣ ምን እንደያዝኩ አላይም" አለች። ላፕቶፕ ላይ 3 ቀን ሙሉ ስሞክረው ይሄ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር፣ ማውስ ምንም አይከልልማ። ሁለት ነገር ቀየርኩ። ቅርጫቱን ከፍ አድርጌ ቁመቱ 1000 ላይ አስቀመጥኩት፣ ከስሩ 280 ፒክስል ለአውራ ጣት ተረፈ። ቅርጫቱ ደግሞ ወደ ጣቱ መዝለሉን ትቶ ጣቱ በሄደ ልክ ይሂድ፣ ጣት 40 ወደ ቀኝ ከተሳበ ቅርጫቱም 40። ስልኩን እንደገና ስሰጣት ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም፣ መጫወቷን ቀጠለች።

ይሄን ለማድረግ ኢንፑት የሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ስክሪን ድራግ የሚባለውን ኢቨንት ብቻ ጠብቁ፣ ሪሌቲቭ የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ጣቱ ምን ያህል እንደሄደ እሱ ነው፣ የአግድሙን ወስዳችሁ ቅርጫቱ ላይ ደምሩት። ኮምፒውተር ላይም በማውስ እንዲሰራ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ኢንፑት ዲቫይስስ፣ ፖይንቲንግ የሚለው ጋ ኢሙሌት ታች ፍሮም ማውስ የሚለውን አብሩ፣ ማውሱን ተጭናችሁ ስትጎትቱ ጎዶት እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ስክሪን ድራግንም የማውስ እንቅስቃሴንም አንድ ላይ እንዳትጽፉ፣ ስልክ ላይ ጎዶት ሁለቱንም ስለሚልክ ቅርጫቱ እጥፍ ይሄዳል፣ ሰው ምክንያቱን ሲፈልግ ቀኑን ያቃጥላል። ለኪቦርድ ደግሞ የግራና የቀኝ ቀስቱን በፕሮሰስ ውስጥ አንብቡ፣ 500 በዴልታ። መጨረሻ ላይ በክላምፕ ከስክሪን እንዳይወጣ ያዙት፣ የቅርጫቱን ግማሽ ወርድ ማሰብ አትርሱ።

ፍሬና ቅርጫት ሲነካኩ ኤሪያ ኢንተርድ የሚባል ሲግናል (ተነካኩ የሚል መልእክት) ይወጣል፣ እሱን ከቅርጫቱ ስክሪፕት (የቅርጫቱ ኮድ ያለበት ፋይል) ጋር አገናኙትና ቀይ ከሆነ ነጥብ ጨምር፣ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ ቀንስ፣ ፍሬውን አጥፋ። በየ10 ነጥቡ ፍጥነቱን በ20 ጨምሩ። ነፍስ 0 ሲሆን ጌሙ ይቁም፣ እንደገና የሚል ትልቅ ቁልፍ ይምጣ። የቁልፍ መጠን ላይ አትቆጥቡ፣ ጣት ሳይስት የሚነካው ወደ 9 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ነው፣ ከዛ በታች አትውረዱ።

ቀለም ላይ አደራ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም። ጌማችን ሙሉ በሙሉ ቀይና አረንጓዴ ላይ ስለቆመ ለነሱ መጫወት የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ አረንጓዴውን በቅርጽም ለዩት፣ አነስ ይበል፣ አናቱ ላይ ቅጠል ይኑረው። ከዛ ስክሪንሹት አንስታችሁ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉና እዩት፣ ያኔም ከለያችሁት ጨርሳችኋል።

ለምስል ክሪታ ወይ ኢንክስኬፕ በነጻ አለ፣ 128 በ128 ፒኤንጂ ይበቃል፣ ስእል አልችልም የምትሉ ክብ ሰርታችሁ ቀለም ቀቡት፣ ጌሙ ይሂድ እንጂ ምስል ኋላ ይቀየራል። ድምጽ ግን ከራሳችን ቤት አለ። ሰፌድ ላይ ቡና በትንሹ ጣል ጣል እያደረጋችሁ በስልክ ቅዱት፣ ጸጥ ባለ ሰአት፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ በማይመታበት፣ ይሄ በጅማ ሰአት መምረጥ ይጠይቃል። አጭር ድምጽ በዌቭ፣ ረጅም ሙዚቃ በኦጂጂ አስቀምጡ። የሰው ዘፈን ግን አታስገቡ፣ ባለቤት አለው።

ጽሁፉን በአማርኛ ስትጽፉ ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ፊደላችን የለውም። ኮምፒውተሩ ከራሱ ፎንት ፈልጎ ሊያሳያችሁ ስለሚችል ሁሉም ደህና ይመስላችኋል፣ ብራውዘር ላይ ስትከፍቱት ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ነጻ ናቸው፣ አንዱን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና ቲም የሚለው ላይ ዲፎልት ፎንት አድርጉት። ከፍተኛውን ነጥብ ስታስቀምጡ ደግሞ ዩዘር (user://) በሚባለው ፎልደር እንጂ ሬስ (res://) በሚባለው አይሁን፣ ሬስ ጌሙ ኤክስፖርት ከተደረገ በኋላ አይጻፍበትም፣ ላፕቶፕ ላይ ሰርቶ ስልክ ላይ ነጥቡ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መብራትም እልም ሊል ይችላል፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያላችሁ በየደቂቃው ሴቭ፣ ማታ ማታ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ።

ስልክ ላይ መሞከር ጌሙ ሲያልቅ ሳይሆን ቅርጫቱ መንቀሳቀስ በጀመረበት ቀን ይሁን። ሴቲንግስ፣ አባውት ፎን፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩና በኬብል ሰኩት። ጎዶት ኤዲተር ሴቲንግስ ውስጥ የጃቫውንና የኤስዲኬውን ቦታ አሳዩት፣ አንድሮይድ ኤክስፖርት ጨምሩ፣ ከዛ ከላይ በቀኝ በኩል ሪሞት ዲፕሎይ የሚለው ምልክት ይበራል፣ አንዴ ስትነኩት ጌሙ ስልኩ ላይ ይከፈታል። ኤክስፖርቱ ላይ አርኪቴክቸር የሚል አለ፣ አርም 64 ብቻ ነው ተመርጦ የሚመጣው፣ አርም ቪ7 የሚለውንም ጨምሩ። ፋይሉ ይተልቃል ግን ከቆዩና ርካሽ ስልኮች አንዳንዶቹ እሱን ነው የሚፈልጉት፣ ካልጨመራችሁ አልጫንም ይላቸዋል። ከሰፈር በጣም ደካማውን ስልክ ፈልጋችሁ እዛ ላይ ሞክሩ፣ እሱ ላይ ከሄደ ሌላው ላይ አትስጉ። ሌላ ደግሞ፣ ስልኩ ላይ ባክ ሲነካ ጌሙ ወዲያው ይዘጋል፣ ጎዶት ሲመጣ እንደዛ ነው፣ ኩዊት ኦን ጎ ባክ የሚለውን አጥፉና ባክ ሲነካ ፖዝ እንዲሆን አድርጉ። ስልክ ሲደወልም እንደዛው ፖዝ ይሁን፣ ሰው "ሄሎ" እያለ ነፍሱ እንዳያልቅ።

ለኮምፒውተር ማውጣት ቀላል ነው፣ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ መርጣችሁ ኢምቤድ ፒሲኬ የሚለውን አብሩ፣ አንድ ኢኤክስኢ ይወጣል፣ በፍላሽ ስጡት።

ሰው ጋ ለማድረስ ኤፒኬውን (አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) በቴሌግራም መላክ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ኢች ዶት አይኦ (itch.io) የሚባል የጌም ድረገጽ ላይ በነጻ መጫን ይቻላል፣ የብራውዘሩን ቨርዥን እዛ ካስቀመጣችሁ ሰው ሳይጭን ይጫወታል። ፕሌይ ስቶር ለሚፈልግ አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር አለ፣ በኢንተርናሽናል ካርድ ነው የሚከፈለው፣ ፋይሉም በኤፒኬ ሳይሆን በኤኤቢ ነው የሚገባው። በፈረንጆቹ ከኖቬምበር 2023 አጋማሽ ወዲህ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክርለት ይጠየቃል። 12 ሰው ክላስ ውስጥ አይጠፋም፣ ቀድማችሁ ስማቸውንና ኢሜላቸውን ሰብስቡ። ሲሞክሩላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና ዝም በሉ፣ "እዚህ ጋ ንካ" አትበሉ፣ የት እንደተደናገሩ እዩና ጻፉ።

በመጨረሻ ኪስቶር። ጌማችሁን የምትፈርሙበት ቁልፍ ፋይል ነው። ስትሞክሩ የምትጠቀሙበት ዲበግ የሚባለው ለሰው መላኪያ አይሁን፣ የራሳችሁን ሪሊዝ ኪስቶር አውጡ። ያ ፋይል ወይ ፓስወርዱ ከጠፋ ለጓደኞቻችሁ የላካችሁትን ኤፒኬ ማደስ አትችሉም፣ አዲሱ አሮጌው ላይ አልጫንም ይላል፣ አጥፍተው ሲጭኑት ደግሞ ስንት ቀን የለፉበት ነጥብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱን ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜላችሁ ላይ አድርጉ፣ ፓስወርዱን ደብተር ላይ ጻፉት። አዲስ ቨርዥን ባወጣችሁ ቁጥር ቨርዥን ኮድ የሚለውን በ1 ጨምሩ፣ መጀመሪያ በራሳችሁ ስልክ አሮጌው ላይ ደርባችሁ ጫኑት፣ ነጥቡ እንዳለ መቆየቱን እዩ፣ ከዛ ላኩት።